ጨርቁ ስንት ጊዜ ይቆረጣል?

አምስቱ አውራጃዎች ልጆቻቸውን በአንድ ፈተና መፈተን ከጀመሩ ወዲህ በመካከላችን ፍትሕ ሰፍኗል። ዱሮ ተማሪ የሚወድቀው በየሰፈሩና በየዕድሉ ነበር። አንዱ መምህሩ ጠምዶት ይወድቃል፤ አንዱ የክፍሉ ጣሪያ ደብተሩ ላይ እያፈሰሰበት፤ ሌላው ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ በዓይኑ ሳያይ ዓመቱን ጨርሶ። ዛሬ ግን ምስጋና ለጋራ ፈተናችን ይድረሰውና፣ ጣሪያ ያለውም የሌለውም፣ አስተማሪ ያየውም ያላየውም፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ እኩል ይወድቃል። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

እኔ የጋራ ፈተናዎች ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጬ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አለው።

ነገሩ የተነሣው ከአሥረኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ሠላሳ ሰባተኛ ጥያቄ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይል ነበር፦ «አንድ ልብስ ሰፊ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለውን ጨርቅ እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር የሆኑ ቁራጮች ለማድረግ ስንት ጊዜ መቁረጥ ይኖርበታል?» ጥያቄውን ያወጣው ባለሙያ አሥራ ሁለትን ለሦስት አካፈለ፤ አራት አገኘ፤ ደስ አለው፤ ወደ ሠላሳ ስምንተኛው አለፈ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ ደንቡ በአምስቱ አውራጃ ተወካዮች ፊት ቀረበ። የመጀመሪያው አውራጃ ተወካይ የፊደል ግድፈት እንደሌለበት አረጋገጡ። ሁለተኛው «ልብስ ሰፊ» የሚለው ቃል የትኛውንም አውራጃ እንደማያስከፋ አጣሩ። ሦስተኛው ጨርቁ ቀለም እንዳይኖረው ጠየቁ፤ ቀለም አድልዎ ሊያመጣ ይችላልና። አራተኛው ሌሎቹ ከተስማሙ እንደሚስማሙ አስመዘገቡ። አምስተኛው አልመጡም፤ ፊርማቸው ግን በሰዓቱ ደረሰ። እንዲህ በጥንቃቄ ተመርምሮ የመልስ ቁልፉ ላይ «አራት» ተብሎ ጸደቀና ካዝና ውስጥ ገባ።

ከጽሕፈት ቤታችን ጀርባ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መካከል፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። እዚያ አንድ ልብስ ሰፊ ከነባለቤታቸው ይሠራሉ። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ፤ ባለቤታቸው ቁልፍ ይተክላሉ፣ ይተኩሳሉ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ይህች ልጅ ገና በስድስት ዓመቷ ነው የጨርቅ ጫፍ መያዝ የጀመረችው። አባቷ «ያዢ» ይላሉ፤ ትይዛለች። «ሳቢ» ይላሉ፤ ትስባለች። መቀሱ ግርርር ብሎ ሲሄድ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሠላሳ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ፈተና ላይ መሆኗን ረስታ ፈገግ ማለቷን በኋላ ለእናቷ ነግራቸዋለች። «ሦስት» ብላ አጠቆረች።

ውጤት ሲመጣ ማለፊያው ስድሳ ነበር፤ እሷ ኀምሳ ዘጠኝ አመጣች።

አባቷ የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ቢሮአችን መጡ። የተቀበላቸው የስታትስቲክስ ኃላፊያችን ነው። ሁላችንም «ፐርሰንት» ነው የምንለው፤ «ደህና አደርክ?» ሲሉት «ዘጠና አምስት በመቶ» ብሎ የሚመልስ የተማረ ሰው ነው። ወረቀቱን ከሣጥን አውጥቶ በመስኮቱ በኩል አሳያቸው።

«አባቴ፣ ልጅዎ ሠላሳ ሰባትን ስታለች።»

«አልሳተችም። መልሱ ሦስት ነው።»

«መልሱ አራት ነው።»

«ማን አለ?»

«አምስት አውራጃ።»

«አምስቱ አውራጃ ጨርቅ ቆርጦ ያውቃል?»

«አባቴ፣ እኛ ጨርቅ አንቆርጥም። እኛ የምንቆርጠው የማለፊያ ነጥብ ነው» አለ ፐርሰንት በትዕግሥት። «ደግሞ ይመልከቱ፤ ከተፈታኙ ዘጠና አንድ በመቶው አራት ብሏል። ዘጠና አንድ በመቶ ተማሪ ይሳሳታል?»

«ጨርቁን ካልያዘው ይሳሳታላ!»

ፐርሰንት ይህን አባባል በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚያስገባው ግራ ገብቶት ጉዳዩን ወደ ዋና ዳይሬክተራችን መራው።

ዋና ዳይሬክተራችን አቤቱታ የሚወዱ ሰው ናቸው። አቤቱታ ስብሰባ ይወልዳል፤ ስብሰባ ደግሞ ንግግር። የአምስቱ አውራጃ ተወካዮች ተጠሩና አቤት ባዩ ሐሳባቸውን በተግባር እንዲያስረዱ ተወሰነ። ልብስ ሰፊው በቀጠሮው ቀን አሥራ ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ተሸክመው፣ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። መቀሳቸውን በዋዜማው አስለውታል።

የመጀመሪያው ችግር የአዳራሹ ነበር። አዳራሻችን ዘጠኝ ሜትር ነው። ጨርቁ ሲዘረጋ ሦስት ሜትሩ በበሩ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ልጅቱ እንደለመደችው ጫፉን ይዛ ከበሩ ውጭ ቆመች። በሩ ገርበብ ስላለ ከውስጥ የሚሆነውን አታይም፤ ቃሉም ሳይለይላት ድምፅ ብቻ ትሰማለች።

ዋና ዳይሬክተራችን ቆመው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ዛሬ» አሉ፣ «ሙያና እውቀት ፊት ለፊት የተገናኙበት ታሪካዊ ቀን ነው። ጽሕፈት ቤታችን ለማንኛውም ዜጋ በሩ ክፍት ነው። እንደምታዩት ዛሬ ደግሞ በጨርቅ ምክንያት የባሰውን ክፍት ነው።» ሳቅ ሆነ። «እንግዲህ አባት፣ ይጀምሩ።»

ልብስ ሰፊው ለኩ፤ ቆረጡ። ለኩ፤ ቆረጡ። ለኩ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ቆረጡ። አራቱን ቁራጭ አራት ወንበር ላይ አነጠፉና መቀሳቸውን ዘጉ።

«ይኸው ጌታዬ። ሦስት ጊዜ ቆረጥኩ፤ አራት ሆነ።»

የሁለተኛው አውራጃ ተወካይ ወንበሮቹን በጣታቸው ቆጠሩና ጣታቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ይቀጥሉ» አሉ ዋና ዳይሬክተራችን።

«ምኑን ልቀጥል?»

«አራተኛውን ይቁረጡ።»

«የሚቆረጥ የለም እኮ። አለቀ።»

«አላለቀም። የጸደቀው መልስ አራት ነው፤ እርስዎ ሦስት ላይ አቆሙ። ይህ የመልሱ ስሕተት ሳይሆን የእርስዎ መድከም ነው።»

«አልደከመኝም ጌታዬ! ከቆረጥኩት እኮ ቁራጩ ሦስት ሜትር መሆኑ ይቀራል!»

«መቀሱን ያምጡልኝ።»

ዋና ዳይሬክተራችን በሕይወታቸው ከሪባን በስተቀር ቆርጠው አያውቁም። ቢሆንም መቀሱን ጨብጠው መጨረሻ ወንበር ላይ ያለውን ቁራጭ አነሡና መሐሉን ሰነጠቁት፤ መሐሉን ለማለት ያህል ነው እንጂ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር። ፐርሰንት እንደ ሙያው ቆጠረ።

«አምስት ቁራጭ ሆነ» አለ በሹክሹክታ፤ ነገሩ መበላሸቱ ገብቶታል።

ታላቅ ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዋና ዳይሬክተራችን ፊታቸው በራ። «አምስት! እኛስ ስንት አውራጃ ነን?»

«አምስት!» አሉ ተወካዮቹ በአንድ ድምፅ።

«እንግዲህ መልሱ ትክክል ባይሆን ኖሮ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቁራጭ ከየት ይመጣ ነበር?»

ጭብጨባው ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። ልብስ ሰፊው መቀሳቸው እስኪመለስላቸው እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። በበሩ ስንጥቅ አሻግሬ ሳይ ልጅቱ ኮሪደሩ ላይ፣ ጨርቁ የተሳበበትን እጇን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ ጭብጨባውን ሰምታ በደስታ ታለቅሳለች። አባቷ የረቱ መስሏት ነው።

ቁራጮቹ ማኅተም ተመትቶባቸው በማስረጃነት ለአምስቱ አውራጃዎች እንዲከፋፈሉ ተባለ። ሦስቱ ሙሉ ቁራጭ ወሰዱ። አራተኛውና አምስተኛው ግማሽ ግማሹ ስለደረሳቸው ንቀት ነው ብለው ተቃወሙ። አምስተኛው እንደ ልማዳቸው ስብሰባ ባይመጡም ተቃውሞአቸው መጣ። ይህን ለማስታረቅ ስድስት ስብሰባና አራት ወር ፈጀ። ስለ ልጅቱ ውጤት ለመነጋገር ጊዜ አልተገኘም። በመጨረሻ ለትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ ሰርኩላር ተላለፈ፤ እኔ ነኝ የተየብኩት፦ «አሥራ ሁለት ሜትር ጨርቅን በሦስት ሦስት ሜትር ለመክፈል አራት ጊዜ የሚቆረጥ መሆኑን እያሳወቅን፣ መምህራን ትምህርቱን በዚሁ መሠረት እንዲሰጡ እናሳስባለን።»

ልጅቱ አሥረኛ ክፍልን ደገመች። እኔም ሱሪ ላሳጥር፣ ዚፕ ላስቀይር እያልኩ ወደ ሱቁ መመላለሴ አልቀረም፤ አንዳንዴ ምንም የተበላሸ ነገር ሳይኖረኝ እሄድ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ። የሒሳብ መምህሯ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ሰርኩላሩን ሲያስተምር፣ «ሦስቴ ከቆረጣችሁ በኋላ አራተኛውን በሐሳባችሁ ቁረጡት» ይላቸው እንደነበር ከእሷው ሰማሁ።

ቤቱ ግን ሰላም አልነበረውም። አንድ ቀን ሱሪዬን እየለካሁ ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ እናትየው እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ አራት በይና ተገላገይ። ወረቀት ላይ ነው እንጂ ጨርቅ ላይ አይደለም፤ ምን ያበላሻል?»

አባትየው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «እዚህ ቤት አድጋ አራት ካለችማ እኔ መቀሴን ልሸጥ!»

«መቀስህን ሽጠው፤ ልጄ ግን ትለፍ። እኩዮቿ አሥራ አንደኛ ገቡ። በሱቁ ፊት እያለፉ ‹ሰላም ነሽ ወይ?› ሲሏት ጠረጴዛው ሥር ዝቅ ብላ ቁልፍ የወደቀባት ትመስላለች። አላየህም?»

አባትየው አላዩም ነበር። የመኪናው ድምፅ ቀጠለ፤ ግን ቀስ እያለ፣ እየተቆራረጠ። እኔ ሱሪዬን እንደለበስኩ፣ አንደኛው እግሩ በስፒል እንደተያዘ ወጣሁ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት አባትየው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኟት። እርሳሷን በራሳቸው ምላጭ ቀርጸውላታል። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ልጄ፣ የመሰለሽን ጻፊ። እኔ አልጠይቅሽም» አሏት። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ዞር ብላ እንዳላየቻቸውም ነግረውኛል።

ልጅቱ ሠላሳ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ «አራት» ብላ አጠቆረች። ጥያቄዎች አንዴ በአምስት አውራጃ ከጸደቁ በየዓመቱ ስለሚደጋገሙ ቁጥሩም አልተለወጠም።

አሁን የምጽፈው ምስጢር ነው። ከዚያ ፈተና ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንድ እሑድ ቀን፣ ዋና ዳይሬክተራችን ቤታቸው የሳሎን መጋረጃ ሊያስቀይሩ ጨርቅ ይገዛሉ። አራት መስኮት ነው ያላቸው። ከስብሰባው ወዲህ መቀስ ላይ ልምድ አለኝ ብለው ራሳቸው ቆራጭ ሆኑ። ሦስት ጊዜ ቆርጠው መቀሱን እንደገና ሲያነሡ ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙ አሉ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«አራተኛውን ልቆርጥ።»

«አራቱም መጋረጃ ይኸው። አሁን የምትቆርጠው ምኑን ነው? ሶፋውን?»

ሰኞ ጠዋት ዋና ዳይሬክተራችን የገረጣ ፊት ይዘው ገቡ። የቢሮአቸውን መስኮት ዘግተው እኔንና ፐርሰንትን ጠሩ። በዚያች ክፍል ውስጥ የመልስ ቁልፉ ከአራት ወደ ሦስት ተለወጠ። ዋና ዳይሬክተራችን በሳይንስ ፊት አንገታቸውን ለመድፋት የማያፍሩ ትልቅ ሰው መሆናቸውን ያን ዕለት አየሁ።

«ለትምህርት ቤቶችስ እንንገር?» አልኩ፣ ብዕሬን እንደያዝኩ።

«የመልስ ቁልፍ ምስጢር ነው» አሉ። «ቁልፉ ምስጢር ከሆነ እርማቱም ምስጢር ነው።»

«ሰርኩላሩስ? አሁንም አራት ተብሎ ነው የሚማረው።»

«ሰርኩላሩን ካነሣን መልሱ እንደተለወጠ ያውቃሉ። ፈተና አስቀድመን ልናሾልክ ነው እንዴ?»

ክርክሩ አልተረታም። ጻፍኩት።

በዚያው ዓመት የትምህርት ጥራትን ለማሳደግ ሲባል ማለፊያው ወደ ሰባ ከፍ ብሎ ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጠረጴዛ ሥር ዝቅ ብላ ቁልፍ ብቻ አልነበረም የምትለቅመው፤ አጥንታለች። ካምናው አሥር ነጥብ ጨመረች። ስድሳ ዘጠኝ።

በዚህ ጊዜ ብቻዋን መጣች። ፐርሰንት ወረቀቷን በመስኮቱ አሳያት።

«ሠላሳ ሰባትን ስተሻል፣ እህቴ።»

«አራት ነው ያልኩት።»

«መልሱ ሦስት ነው።»

«ማን አለ?»

«አባትሽ ናቸዋ! ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።»

ልጅቱ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ያዘች። «አምና ሦስት ብዬ ነበር።»

«አምና አራት ነበር።»

«እንግዲያው የአምናውን ሦስቴን ያዙልኝ።»

«ማስተካከያው ወደ ኋላ አይሠራም» አለ ፐርሰንት፤ ከዚያም ደግ ሰው ስለሆነ፣ «አይዞሽ፤ ከተፈታኙ ዘጠና ሦስት በመቶው እንደ አንቺ ስቷል፤ ብቻሽን አይደለሽም» ብሎ አጽናናት።

ዘጠና ሦስት በመቶው ሲስት ግን ከየትምህርት ቤቱ ጩኸት ተነሣ። ምስጢሩ ምስጢር መሆኑ ቀረ። ዋና ዳይሬክተራችን ግን ጩኸትን ወደ በዓል መለወጥ ያውቁበታል። ጽሕፈት ቤቱ ከሕዝብ የሚመጣን ሐሳብ ምን ያህል እንደሚያከብር ለማሳየት፣ መልሱ እንዲታረም ጥቆማ ለሰጡት ልብስ ሰፊ የምስጋና የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ወሰኑ። አዳራሹ ተጠርጎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ከየትምህርት ቤቱ ተማሪ ተጋብዞ፣ የአምስቱም አውራጃ ተወካዮች ተገኙ። አዎ፣ አምስተኛውም መጥተው ነበር፤ ሁላችንም ማን እንደሆኑ ስንጠያየቅ ነው የሰነበትነው።

ልብስ ሰፊው ለሌላ ሰው ሰርግ የሰፉትንና ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረውን ኮት ለብሰው መጡ። ባለቤታቸውና ልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዋና ዳይሬክተራችን ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ጽሕፈት ቤቱ እውነትን ለማግኘት ስለከፈለው መሥዋዕትነት፣ ስለ ተደረጉት ስብሰባዎችና ስለ ጨርቁ አወሱ። ልብስ ሰፊው በወርቅ ቀለም የተጻፈውን ወረቀት ተቀበሉ፤ ፎቶ ተነሡ። ፈገግ ይበሉ ቢባሉ እሺ ብለው ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

በዚህ መካከል ዋና ዳይሬክተራችን ዓይናቸው ልጅቱ ላይ አረፈ።

«የተሸላሚው ልጅ እዚህ አለች ለካ! ነይ፣ ነይ ወደዚህ፣ ጎበዝ።» ሰው አጨበጨበ። ልጅቱ ወጥታ ከአባቷ አጠገብ ቆመች። ዋና ዳይሬክተራችን ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጉላት። «እስቲ በአባትሽ የምትኮሪ ልጅ እንደመሆንሽ ለጉባኤው ንገሪ፤ ያ አሥራ ሁለት ሜትር ጨርቅ ስንት ጊዜ ነው የሚቆረጠው?»

ልጅቱ አባቷን አየች። አባቷ ከንፈራቸውን ነክሰው መሬት መሬቱን ያያሉ። እናትየው ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አዳራሹ ሁሉ «ሦስት!» ለሚለው ሊያጨበጭብ እጁን አዘጋጅቷል።

«የስንት ዓመተ ምሕረቱን ነው ጌታዬ?» አለች።

የሳቀ የለም። ልብስ ሰፊው የወርቁን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ ከውኃ ጠርሙሱ አጠገብ አስቀመጡና የልጃቸውን ክንድ ይዘው በመካከላችን አልፈው ወጡ። እናትየው ተከተሏቸው።

በሩ ሲዘጋ ዋና ዳይሬክተራችን ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው መለሱ። ከዚያ በኋላ በጥያቄዋ ጥልቀት እጅግ መደነቃቸውን ገልጸው፣ ከሚቀጥለው ፈተና ጀምሮ በእያንዳንዱ ጥያቄ ትይዩ መልሱ ትክክል የሚሆንበት ዓመተ ምሕረት በቅንፍ እንዲጻፍ አዘዙ። አምስቱም አውራጃዎች በሙሉ ድምፅ ተቀበሉት።